ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዳይገባ፦ ለመሃል አዲስ አበባ የትኛው መፍትሔ ያዋጣል?

ብር ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ዝናቡ ነው የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ የገባው? ወይስ ፍሳሹ ነው የዝናብ ቦይ ውስጥ የገባው?

ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ያው ናቸው። ሐምሌ ሲገባ ውሃው ይደፈርሳል፣ ሽታው ያፍናል፣ ፌስታሉና ሃይላንዱ ድልድዩ ሥር ይከመራል። ለከተማዋ ካዝና ግን በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያውን ችግር የሚፈታው ሥራ ለሁለተኛው ጠብ የሚል ነገር የለውም።

አማራጮቹን የማነጻጽረው በዚሁ ጥያቄ ነው። የወረዳ ባለሙያ ያንብበው፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴም የእድር ዳኛም ያንብበው። ከአማራጮቹ ግማሹ የሚጀምረው ከግቢ እንጂ ከማዘጋጃ ቤት አይደለም።

መጀመሪያ የራሳችንን መስመር እንወቅ

እንደ ለንደን፣ ፊላደልፊያና ፖርትላንድ ያሉ የቆዩ ከተሞች በነባር ሰፈሮቻቸው ቱቦው በአብዛኛው አንድ ነው። የሽንት ቤቱም የዝናቡም ውሃ በአንድ መስመር ይሄዳል። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ቱቦው ይሞላል። ሲሞላ ትርፉ ወደ ወንዝ እንዲወጣ መውጫ በር ከመጀመሪያው ተሠርቶለታል፤ አለዚያ ወደ ሰው ቤት ይመለሳል። በውጭ አገር ስለ ፍሳሽ መትረፍረፍ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለዚህ ነው።

አዲስ አበባ በወረቀት ላይ እንዲህ አይደለችም። ፍሳሹ በራሱ ቱቦ ወደ ካሊቲ፣ ዝናቡ በዲች፣ ማለትም በመንገድ ዳር የዝናብ ቦይ፣ ወደ ወንዝ ነው የተባለው። አቀማመጡም ይረዳል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ስንደርስ ወደ 2,100 ሜትር እንወርዳለን። ቀጨኔ፣ ቁርጡሜ፣ ባንቲይቀጡ፣ ግንፍሌ፣ ቀበና፣ ሁሉም በዚህ ተዳፋት ወርደው ወደ አቃቂ ይገባሉ። ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። ፍሳሹም ብዙ ፓምፕ ሳይፈልግ ቁልቁል መውረድ ይችላል። የካሊቲ ማጣሪያ ጣቢያም የድሮው የኩሬ ጣቢያ አይደለም፤ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ እንደገና ተገንብቷል።

ታዲያ ወንዙ ለምን ይሸታል? መሬት ላይ ሁለቱ መስመሮች ስለተደባለቁ ነው። የተደባለቁት ደግሞ በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው፣ የጣራ አሸንዳ ወይም የግቢ ውሃ የፍሳሽ ቱቦው ማንሆል ውስጥ የገባበት ነው። ግቢው ጎርፍ እንዳይቋጥር ተብሎ የተደረገ ነው፤ ክፋት የለበትም። ውጤቱን ግን አስሉት። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ውሃ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 300 ሊትር ገደማ ፍሳሽ ቢያወጣ፣ ያ አንድ ጣራ በአንድ ዝናብ የአሥር ቀን ፍሳሽ ቱቦው ውስጥ ደፋ ማለት ነው። ታች ያለው ማንሆል ክዳኑን አንስቶ አስፋልት ላይ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የዚህ ግልባጭ ነው። ሽንት ቤቱ፣ ሻወሩ፣ የምግብ ቤቱ ማጠቢያ ዲች ውስጥ ይገባል። ይሄ ዝናብ አይጠብቅም። በጋውንም ሙሉ ይወርዳል።

ሦስተኛውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ግን የለም። ሽንት ቤቱ ሞልቷል። ማስመጠጫ ብር የለም፣ ወይም መኪናው አይገባም። እናም ዝናብ ይጠበቃል። ሌሊት ዶፉን ሲያወርደው ይለቀቃል። ጎርፍ ይወስደዋል፣ ጠዋት ማንም ምንም አላየም።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የመሃል ከተማው ትልቁ ጣጣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። ብዙ ቤት አሁንም ጉድጓድ ላይ ነውና። ይህን ይዛችሁ አማራጮቹን እዩ።

ትልቅ ቱቦና ዋሻ

ለንደን በቴምዝ ሥር 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ቆፍራለች፤ ከ4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበታል። ፖርትላንድ ሃያ ዓመት ፈጅታ እ.ኤ.አ. በ2011 ትልልቅ ቱቦዎቿን ስትጨርስ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥታለች። ውጤት አልታጣም። ፖርትላንድ ወደ ዊላሜት ወንዝ የሚተርፈውን ከ90 በመቶ በላይ ቀንሳለች።

ትልቅ ቱቦ ጥሩ ጎን አለው። ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን የሚያሳልፈው ውሃ ከስድስት እጥፍ ይበልጣል። ብሩን የሚበላው ቱቦው ሳይሆን ቁፋሮው ነው። ፒያሳ ወይም ስታዲየም አካባቢ አራት ሜትር ቆፍሩ ብትባሉ መብራቱ፣ ቴሌው፣ የውሃ መስመሩ፣ ማን እንደቀበረው የማይታወቅ የድሮ ቱቦ፣ ሁሉም እዚያው ነው።

ዋናው ነገር ግን ዋሻ የሚጠቅመው ፍሳሹ ቱቦ ውስጥ ከገባ ነው። የእኛ ፍሳሽ ትልቁ ክፍል ገና ቱቦ አላገኘም። ስለዚህ ይህን አማራጭ ለመሃል አዲስ አበባ አልመክርም፤ ከአንድ ሁኔታ በስተቀር።

መሬቱ ለሌላ ሥራ ሲቆፈር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ሲከፈት የመሬት ውስጥ መስመሮች አብረው ተቀብረዋል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳር ፕሮጀክትም 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ይሸፍናል፤ ያኔ የተነገረው ወጪ 29 ቢሊዮን ብር ነበር። (ለአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ገበታ ለሸገር ለዚሁ ነበር።) ወንዝ ዳር የእግር መንገድ ሲሠራ ከሥሩ ሰብሳቢ የፍሳሽ ቱቦ መቅበር ለብቻው ከመቆፈር በእጅጉ ይቀላል። ይህን ዕድል ያሳለፈ ወረዳ ከአምስት ዓመት በኋላ የራሱን ንጣፍ ይሰብራል። ወንዝ ዳር ያለው መስመር ለምን ልዩ ዋጋ እንዳለው ስለ መጣጭ መኪና ሳነሳ እመለስበታለሁ።

ማቆያ ታንክ

ሐሳቡ ቀላል ነው። ዝናቡ ሲበረታ ትርፉን ታንክ ውስጥ ያዝ፣ ሲያባራ ቀስ ብለህ ወደ ማጣሪያ ልቀቅ። ዶፍ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ስለሆነ ለአዲስ አበባ የሚስማማ ይመስላል።

ስሌቱ ግን ያስደነግጣል። አሥር ሄክታር ጣራና አስፋልት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 3,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ከኦሊምፒክ መዋኛ ገንዳ ይበልጣል። መሃል ከተማ ይህን የሚያክል ባዶ ቦታ ከተገኘ ማንም ለፍሳሽ አይሰጠውም። ታንኩ ደግሞ ከእንጦጦ በኩል የሚመጣ ደለል ይሞላዋል፤ በየዓመቱ የሚጠርግ ሠራተኛና በጀት ይፈልጋል። ውሃ የሚተኛባቸው ዝቅ ያሉ ጥቂት ቦታዎች ላይ ትንንሽ ታንክ ሊያስኬድ ይችላል። ከዚያ ያለፈው አያዋጣም።

አረንጓዴው መንገድ፣ ሮቶውም ጭምር

ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ2011 የ25 ዓመት ዕቅድ አወጣች። ዋሻ ብቻ ከመቆፈር ይልቅ የዝናብ አትክልት ቦታ፣ ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍና የዛፍ ጉድጓድ እናብዛ አለች። ዝናቡ ቱቦው ጋ ሳይደርስ መሬት ይጠጣው ነው ነገሩ። ይህ በየስብሰባው እንደ ርካሽ መፍትሔ ይነሳል።

እኛ ጋ ሦስት ነገር ይፈትነዋል። አፈራችን ሸክላ ነው። በተለይ ወደ ታችኛው የከተማው ክፍል ያለው መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ አንዴ ሲርስ ግን ያብጥና ውሃ አላስገባም ይላል። ዝናቡም ተከታታይ ነው። በዓመት ከሚዘንበው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ነሐሴ ላይ መሬቱ ጠግቧል። ሦስተኛው ተዳፋቱ ነው፤ ከስድስት ኪሎ ወደ ግንፍሌ የሚወርድ ጎርፍ አበባ መትከያው ጋ ቆም አይልም።

ወንዝ ዳር የተሠሩት ፓርኮች ደስ ይላሉ፣ አፈሩንም ይይዛሉ። በቱቦ የሚመጣውን ሽንት ቤት ግን ሣር አያጣራውም።

ከዚህ ወገን ልቤ የሚያደላው ለሮቶ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የጣራ ውሃ መያዝ ለወንዙ ተብሎ የሚደረግ ጽድቅ አይደለም፤ ለቤቱ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ልብስ ይታጠብበታል፣ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል፣ ግቢ ይጸዳበታል። ሰው በገዛ እጁ ይንከባከበዋል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሌሎቹ አማራጮች የሌላቸው ነገር ነው።

ልኩን ግን ማወቅ ነው። ቅድም ያሰላነው ጣራ 3,000 ሊትር ይሰጣል። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ባዶ ሆኖ ቢጠብቀው እንኳን ሲሶው ይፈሳል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሮቶው ከትናንት ጀምሮ ሙሉ ነው። ስለዚህ የሮቶው መትረፊያ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ወደ ዲች ከሆነ ጥሩ። ወደ ማንሆል ከሆነ ምንም አልተሠራም።

የተሳሳተውን መስመር መቁረጥ

ከሁሉም አማራጭ በብር ሲታይ ይህን የሚስተካከል የለም። ፖርትላንድ ራሷ ከትልልቅ ቱቦዎቿ ጎን ለጎን ከ50,000 በላይ የጣራ መውረጃዎችን ከፍሳሽ ቱቦ አላቅቃለች። የቤቱ ባለቤት ራሱ ከሠራው በአንድ መውረጃ 53 ዶላር ትከፍለው ነበር። እሱ ካልቻለ ከተማዋ በነፃ ትሠራለታለች። ያን ሁሉ ሲሚንቶ ያፈሰሰች ከተማ ለአንድ ቁራጭ ቱቦ ብር የምትከፍለው ወዳ አይደለም። አዋጥቷት ነው።

ለእኛ ማላቀቁ በሁለቱም አቅጣጫ ነው። አሸንዳው ከማንሆል ይወጣል፤ ሽንት ቤቱ ከዲች ይወጣል። ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፍለጋ ነው፣ ፍለጋው ደግሞ ማሽን አይፈልግም።

ጥር ላይ፣ ዝናብ ከጠፋ ሳምንታት ሲቆጠሩ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዲቹን ተከትላችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ሰው ፊቱን የሚታጠብበት፣ ሽንት ቤት የሚጠቀምበት ሰዓት ነው። በበጋ ዲች ደረቅ መሆን አለበት። እየወረደ ያለ ውሃ ካለ የሆነ ቤት ገብቶበታል። አረፋ ካለው የልብስ ማጠቢያ ነው። ነጣ ያለና ጠርዙ ላይ ቅባት የጋገረ ከሆነ ምግብ ቤት አለ። ጥቁር አተላ ከሥሩ ካለ መልሱን አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ዲቹ እስኪደርቅ ድረስ ውጡ፤ የደረቀበትና የረጠበበት መጋጠሚያ ላይ ቱቦው ተቀምጧል። አንዳንዴ ምንጭም ሊሆን ይችላል፤ ፍልውሃ አካባቢ ሙቅ ውሃ ስታዩ ጎረቤት ላይ አትጩሁ።

ጥርጣሬ ካለ ማቅለሚያ ይፈታዋል። ሰው የማይጎዳ ደማቅ ቀለም በሽንት ቤቱ ይለቀቅና አንዱ ሰው ዲቹ ጋ፣ ሌላው ማንሆሉ ጋ ይቆማል። ቀለሙ የወጣበት ቦታ ክርክሩን ይጨርሳል። ስልክ ላይ ቪዲዮ ይቀረጽ፤ በኋላ «የኔ አይደለም» ለሚል ይጠቅማል።

ጉድለቱን ልናገር። ሽንት ቤቱን ከዲች ቆርጠህ የት ልታስገባው ነው? በአቅራቢያ የፍሳሽ መስመር ካለ ሁለት ሦስት ቀን ሥራ ነው። ከሌለ ሰውየውን ቀጥተህ ትሄዳለህ፣ እሱም ሌሊት መልሶ ይቀጥለዋል። ስለዚህ መቁረጥ ብቻውን የሚያዋጣው መስመር ባለበት መንገድ ዳር ላሉ ሕንፃዎች፣ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነው። እነሱ አቅሙም አላቸው፣ የሚለቁትም ብዙ ነው። ቅጣት ከተባለ ከዚያ ይጀመር። ዘጠኝ አባወራ በአንድ ጉድጓድ የሚጠቀምበት የቀበሌ ቤት ግቢ ላይ ቅጣት ማብዛት ዋጋ የለውም።

የመንደር ቀጭን መስመር

እንግዲህ ለዚያ ግቢ የሚሆነው ይሄ ነው። ብራዚል ውስጥ ናታል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ዘዴ ተጀመረ። በየቤቱ ፊት ጥልቅ ቱቦ ከመቅበር ይልቅ፣ የአንድ መደዳ ቤቶች ተስማምተው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀጭን ቱቦ በግቢያቸው ወይም በእግረኛ መንገዱ ሥር ጠለቅ ሳይል ያሳልፋሉ። ዋናው መስመር ጋ የሚገናኙት በአንድ ቦታ ብቻ ነው። መኪና ስለማያልፍበት ጥልቅ መሆን አያስፈልገውም፤ በትልቅ ማንሆል ፋንታ ትንሽ የመፈተሻ ሳጥን ይበቃዋል። ወጪው ከተለመደው እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። በኋላ ዋና ከተማዋ ብራዚሊያም በሰፊው ተጠቅማበታለች፣ ለሀብታም ሰፈር ጭምር።

ለአዲስ አበባ ይህ ዘዴ አንድ ያልታሰበ ወዳጅ አለው፦ ኮብልስቶን። የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን አብዛኞቹ በድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። አስፋልት ከተሰበረ ተሰበረ ነው። ኮብልስቶን ግን ይነሳል፣ ቱቦው ይገባል፣ አሸዋው ይደለደላል፣ ያው ድንጋይ ይመለሳል። በየሰፈሩ ይህን ሙያ የተማረ ወጣት ሞልቷል። (ድንጋዩን ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ይመደብ፤ ተነስቶ የጠፋ ድንጋይ ሌላ ግቢ ውስጥ ይገኛል።)

ገንዘቡስ? ካራቺ ውስጥ ኦራንጊ በሚባል ትልቅ መንደር እ.ኤ.አ. በ1980 በአኽታር ሐሚድ ኻን አነሳሽነት በተጀመረው ሥራ የቤቱንና የመደዳውን ቱቦ ነዋሪው በራሱ መዋጮ ዘረጋ፤ ዋናው ቱቦና ማጣሪያው የመንግሥት ድርሻ ነው ተባለ። እድር ላላት አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ድንኳንና ወንበር በጋራ የገዛ ሰፈር ቱቦም ይገዛል፤ ሰብሳቢና ሒሳብ ያዥ አስቀድሞ አለውና።

ግን ከኦራንጊ የሚወሰድ ጥንቃቄም አለ። ነዋሪው ድርሻውን ሠርቶ ሲጨርስ የመንግሥቱ ድርሻ ዘገየ። የመደዳ ቱቦዎቹም ወደ ተፈጥሮ ወራጅ ውሃዎች ፈሰሱ። መንደሩ ጸዳ፣ ውሃው ቆሸሸ። ለእኛ ወንዝ ይህ ከሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የመደዳ ቱቦ ከመቆፈሩ በፊት የሚገናኝበት ዋና መስመር በዓይን መታየት አለበት። «ሊሠራ ነው» ከተባላችሁ ጠብቁ።

መጣጭ መኪና

መጣጭ መኪና የወንዝ ጉዳይ ነው ሲባል ብዙ ሰው አይዋጥለትም። ነው እንጂ። ሌሊት በዝናብ የሚለቀቀው ጉድጓድ በጊዜው ያልተመጠጠ ጉድጓድ ነው። ለአንድ ድሃ ግቢ ማስመጠጫውን መደጎም ማንኛውንም ታንክ ከመገንባት ይቀድማል፤ ቁፋሮ የለው፣ ጨረታ የለው፣ ነገ ጠዋት ይጀመራል።

ችግሩ ዋጋውና መንገዱ ነው። ዋጋውን በተመለከተ ዳካር ጥሩ ነገር አሳይታለች። ሰው ወደ አንድ የጥሪ ማዕከል ይደውላል፣ ለባለ መኪናዎቹ መልእክት ይሄዳል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሥራውን ይወስዳል። እኛ ጋ የውሃና ፍሳሽ ባለስልጣኑም የግልም መኪኖች አሉ። ታክሲ በስልክ መጥራት የለመደ ከተማ ለዚህ አይቸገርም። ሰኔ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ ለጋራ ሽንት ቤቶች ዋጋ ቢቀነስ የሐምሌው መልቀቅ በጣም ይቀንስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መንገዱ ግን የፊዚክስ ነገር አለበት። መጣጭ መኪና የሚስበው በአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል። በስሌት ውሃ እንኳን ከስምንት ሜትር በላይ ሊሳብ አይችልም፤ ወፍራም አተላ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። አሁን ግንፍሌ ወይም ቀበና ገደል ላይ ያሉትን ግቢዎች አስቡ። መኪናው ላይ አስፋልቱ ጋ ቆሟል። ጉድጓዱ ታች ነው፣ አሥራ አምስት ሜትር ዝቅ ብሎ። ሾፌሩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ አይሳብም።

እነዚህ ግቢዎች ወደ ላይኛው መንገድ መስመርም መግባት አይችሉም፤ ፍሳሽ ዳገት አይወጣም። ለእነሱ ያለው አንድ መውጫ ከታች፣ ከወንዙ ጎን የሚሄድ ሰብሳቢ ቱቦ ነው። የወንዝ ዳር ሥራው ሲቆፈር ቱቦው አብሮ ይግባ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቶሎ ቶሎ የምናልፋቸው

በኮንዶሚኒየምና በትልልቅ ሕንፃ ግቢ የሚተከል አነስተኛ ማጣሪያ፦ ዋና መስመር ለራቀበት ሰፈር ያስፈልጋል። መሃል ከተማ ግን ለእንዲህ ያሉ ሕንፃዎች መስመር ቅርብ ስለሆነ በአብዛኛው ትርፍ ወጪ ነው። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ መለዋወጫው በዶላር ነው።

ሰንሰር፦ በአሜሪካ ሳውዝ ቤንድ የምትባል ከተማ ከ100 በላይ ሰንሰር (የውሃውን ከፍታ እየለካ የሚልክ መሣሪያ) ቱቦዎቿ ውስጥ አስገብታ፣ በሮቹንም በኮምፒውተር እያስተካከለች፣ የሚተርፈውን ፍሳሽ 70 በመቶ ገደማ ቀንሻለሁ ትላለች። ዋሻ ሳትቆፍር ነው። ይህ የሠራው ቱቦዎቿ ውስጥ ያልተነካ ባዶ ቦታ ስለነበረ ነው። የእኛ ቱቦ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ በደለልና በፌስታል ተይዟል። የማንሆል ክዳን ቁራሌው ጋ በሚደርስበት ከተማ ሰንሰሩ ስንት ቀን እንደሚቆይም አላውቅም። አሥር የሚሆኑ ዋና ዋና መጋጠሚያዎች ላይ ማድረግ ይቻላል። ለሌላው በዝናብ ወቅት ዞሮ የሚያይ ሰውና ስልክ ይበቃል።

ጠረጋ፦ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ሌላ የትኛውንም ብትመርጡ ግንቦት ላይ ካልተጠረገ አይሠራም። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ለማንሆል ከሰንሰር ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነው፣ ተፈጻሚ ከሆነ። የተጠረገው ደለል ዲቹ አፍ ላይ እንዳይከመር ደግሞ ተቆጣጠሩ። በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

የቱ ለየትኛው ሰፈር?

ካዛንቺስ፣ ስታዲየም ዙሪያ፣ ሜክሲኮ፣ ሕንፃው የበዛበትና መስመሩ በደጁ የሚያልፍበት ከሆነ ማላቀቅ ይቅደም። የማቅለሚያ ፍተሻ፣ ከዚያ የጊዜ ገደብ፣ ከዚያ ቅጣት። የምግብ ቤት ቅባት ማጥመጃም አብሮ ይታይ፤ ቱቦ የሚያንቀው አንዱ እሱ ነው።

ወደ ግንፍሌ፣ ቀበናና ቀጨኔ የሚወርዱ፣ ግቢያቸው ከመንገድ በታች የሆኑ ሰፈሮች ወንዝ ዳር ሰብሳቢ ቱቦ ካላቸው ቀጭን መስመር ይዘርጉ። ከሌላቸው ሰብሳቢውን አስቀድመው ይጠይቁ። እስከዚያው የጋራ ሽንት ቤቱ ወደ ላይ፣ መኪና ወደሚደርስበት ቢነሳ ይሻላል።

መንገዱ ሜዳ ሆኖ መስመር የሌለው ሰፈር መጣጭ መኪና በድጎማ ይያዝ፣ ከጎኑ ለቀጭን መስመር መዋጮ ይጀምር።

ማንሆሉ በዝናብ የሚፈላበት ሰፈር፣ የሌላውን ሳታዩ የራሳችሁን አሸንዳዎች ተከተሉ። ሮቶ ያላችሁ መትረፊያውን አስተካክሉ። እዚህ ላይ ነው ሮቶ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው።

ከተማዋ ሁለቱን ብቻ ትሥራ ብባል የወንዝ ዳር ሰብሳቢውንና የማስመጠጫ ድጎማውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ውድ ነው፣ ግን ከላዩ ያሉት ርካሽ ሥራዎች ሁሉ የሚንጠለጠሉት በእሱ ላይ ነው። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ዘንድሮውኑ ይታያል። ከታች በኩል፣ ወደ ጎፋና ላፍቶ፣ በዚሁ ውሃ የሚለማው ሰላጣና ጎመን ተመልሶ ገበያ እንደሚመጣም አንርሳ። ላይ ፒያሳ የተለቀቀው ታች ሳህን ላይ ይቀመጣል።

ጊዜው

ፍለጋው ጥርና የካቲት። ቁፋሮው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፤ የበልግ ዝናብ ስለሚያቋርጥ ቀኑን ጨመር አድርጋችሁ ያዙ። ጠረጋውና ማስመጠጡ ግንቦት። ሰኔ ላይ ቁፋሮ የጀመረ ኮንትራክተር ጉድጓዱን በጎርፍ አስሞልቶ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ አትፈርሙ።

ውል ስትይዙ ሁለት ነገር ይግባበት። አንደኛ፣ ቱቦው የሚጋጠምበት ማንሆል ተከፍቶ፣ ውሃ ተደፍቶ፣ ከታች ሲወጣ በኮሚቴው ፊት ይታይ። ሁለተኛ፣ ከክፍያው አሥር በመቶው እስከ መስከረም መጨረሻ ይያዝ። የቱቦ ቁልቁለት መሳሳቱ፣ መጋጠሚያው ማፍሰሱ፣ ኮብልስቶኑ መስጠሙ የሚታወቀው አንድ ክረምት ሲያልፍበት ነው፤ ያኔ ኮንትራክተሩን የሚመልሰው ያ የተያዘው ብር ነው።